ተቀመጪ ያሉኝ ደጎች

እግሬ የታመመው ጫማ ስላልነበረኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ታሪኬን የሰማ ሁሉ «አይ ድህነት!» እያለ ከንፈሩን ስለሚመጥጥብኝ ነው። ጫማ ነበረኝ። ሰማያዊ ሸራ ጫማ፣ ነጭ ማሰሪያ ያለው፣ አባቴ ከገበያ ሲመለስ በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣልኝ። ጥፋቴ ጫማውን ማድረግ ሲገባኝ መሸከሜ ነው።

ከቤታችን ሁለተኛ ደረጃ እስከተማርኩባት ይጁቤ ድረስ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ ዱቄት፣ በክረምት ሊጥ። እኛ ተማሪዎቹ ጫማችንን በፌስታል አድርገን በባዶ እግራችን እንጓዝና፣ ከከተማው መግቢያ ካለችው ወንዝ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን አጥልቀን፣ በመኪና እንደመጣ ሰው ቀጥ ብለን እንገባለን። ስንመለስም እንደዚያው። ጫማ ሰው ፊት የሚደረግ ነገር ነበር። ላምና ድንጋይ ብቻ በሚያዩት መንገድ ላይ ጫማ መጨረስ እንደ እብደት ይቆጠራል። ስለዚህ አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ጫማዬ ገና አዲስ ነበር። ያለቀው እግሬ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በማቃጠል ነው። ረጅም መንገድ ሄጄ በዋልኩ ቁጥር የግራ እግሬ መርገጫ ይነድዳል፣ ጣቶቼ መሐል ይበላኛል፣ ወደ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ጠዋት ስነሣ እብጠቱ የለም። ለእናቴ ጠዋት ጠዋት እያሳየሁ ስነግራት እግሬን ታገላብጥና «ሥራ ጠልተሽ ነው» ትለኛለች። ማታ እንዳላሳያት ደግሞ ማታ እሷ ደክሟት ትተኛለች። እብጠቱ እንዲህ እንደ እንግዳ ማታ እየመጣ ጠዋት እየሄደ ጥቂት ወራት ቆየና፣ አንድ ቀን ጠዋትም ሳይሄድ ቀረ። ያን ጊዜ እናቴ አመነችኝ።

«ምች ነው» ብላ ፈረደች። ዳማከሴ እየጨመቀች አንድ ሳምንት አሸችኝ፤ ፍየሎች ሳይቀሩ እየተከተሉ ያሸቱኝ ጀመር። ምቹ አልወጣም። ጎረቤት «እባብ የሞተበትን ረግጣ ነው» አለ። አክስቴ ደግሞ እናቴን ጥግ ወስዳ «በአባቷ ዘር ያለ ነገር ነው፤ ለሰው አታውሩ፣ ባል ታጣለች» ስትላት ሰማኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሰው ሲመጣ እግሬ ላይ ነጠላ ጣል ታደርግበታለች፣ እኔ ደግሞ እየተናደድኩ አወልቀዋለሁ። በዚህ ነገር ስንጣላ የከረምነውን ያህል በሌላ በምንም ተጣልተን አናውቅም።

ዲማ ሄጄ ጸበል ተጠመቅሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ሰባት ቀን እግሬ በንጹሕ ውኃ እየታጠበ፣ በአልጋ ላይ ተሰቅሎ ዋለና እብጠቱ እውነትም ጎደለ። ደስ ብሎኝ እልል አልኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቀይ አፈር በባዶ እግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እብጠቱ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣን። ለዚህ አባቴ ሁለት በግ ሸጧል፤ በጎቹን አውቃቸው ስለነበር ስማቸውን አልጠራም። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ መቀመጫዬን ወጋኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚያመኝ ቦታ ሁለት ሆነ። ሁለተኛው «ትንኝ የምታመጣው ትል ነው» አለና ክኒን ሰጠኝ። ትሉ ኖሮ ቢሆን ይሞት ነበር፤ ስላልነበረ ልሞት የደረስኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቀን ሳስታውክ ከረምኩ። ከዚያ ሁሉ ግን የማልረሳው የተራ መጠበቂያውን አግዳሚ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግሬን አየችና ትንሽ ፈቀቅ አለች። እኔም ተጠጋኋት። አሁንም ፈቀቅ አለች። እኔም ተጠጋሁ። አግዳሚው ሲያልቅባት ተነሥታ ቆመች። እግሬን ዘርግቼ አግዳሚውን ለብቻዬ ያዝኩት። እናቴ በኀፍረት ልትሞት ነበር።

እንግዲህ እግሬ እንዲህ እንዳለ ነው ሥራ ያገኘሁት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ይጁቤ ውስጥ ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ማመልከቻ የሚያስገቡበት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራዬ መልእክተኛ፣ ቅጥሬ ጊዜያዊ። ደብዳቤ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ በእግር መዞር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅዳሴ ሲረዝም ሦስቴ እወጣለሁ። ለዚያ ሥራ የተፈጠርኩ መሰለኝ። ቀሚሴን አስረዝሜ እግሬን ደበቅሁ፤ ቅጥሬ ቋሚ እስኪሆን ማንም እንዳያይብኝ ተሳልኩ።

በሰኔ ጭቃ መሐል ኃላፊያችን አቶ ጌትነት አዩብኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ በር ላይ ጭቃ ሳራግፍ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ደግ ናቸው፤ ችግራቸው ደግነታቸውን በስብሰባ ማጽደቃቸው ነው። በማግሥቱ እኔ ደብዳቤ ላደርስ ቁይ ከተማ ድረስ ሄጄ ሳለሁ ስብሰባ ተቀመጡ። አጀንዳው «ለሕመምተኛ ሠራተኛችን ድጋፍ ማድረግን በተመለከተ» ነበር። ውሳኔው፣ «እኅታችን ወይዘሪት የዝና ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ ቤት ተቀምጣ እንድትሠራ፣ የመዝገብ ቤቱ አያ ይሁኔ በእሷ ምትክ ደብዳቤ እንዲያደርሱ።»

አያ ይሁኔ ማለት ለጡረታ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ሁለቱም ጉልበታቸው የታመመ፣ ከመንበራቸው ለመነሣት ጠረጴዛ ጨብጠው ሦስት ጊዜ «እመብርሃን» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውንም እኔንም የጠየቀ የለም።

መዝገብ ቤት ስገባ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን።

«አያ ይሁኔ፣ ልሂድና አይሆንም ልበላቸው?»

«ሞኝ ነሽ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ እምቢ ብል ‹ሽማግሌው አልቻለም› ብለው ዛሬውኑ ይሸኙኛል። አንቺ እምቢ ብትይ ‹በሽተኛዋ አስቸገረች› ብለው ቅጥርሽን ሳያጸኑት ይቀራሉ። የረዱሽ ጊዜ መረዳት ነው እንጂ ምን ይደረጋል። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት መከራ ሁሉ ከመቀመጥ የመጣ ነው። ውኃ ልጠጣ ስነሣ ከሂሳብ ክፍል «ተቀመጪ፣ እናመጣልሻለን!» ይሉኛል። መስኮት ልከፍት ስነሣ አቶ ጌትነት ራሳቸው ሮጠው ይከፍቱና «ተቀመጪ፣ የኔ እመቤት» ይሉኛል። ሽንት ቤት ስሄድ ሳይቀር «አይ፣ ተይ፣ እኛ እን—» ብላ አፏን የያዘች ሴት አለች። እግሬ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ላይ ተንጠልጥሎ እየዋለ ማታ የእንስራ ታች ያህላል። ስዞር ከነበርኩበት ጊዜ የባሰ አበጠ። እነሱ ደግሞ ባበጠ ቁጥር «አየሽ፣ ቆመሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር!» ይሉኛል።

ሥራውም ቢሆን ጉድ ነው። አያ ይሁኔ ልጅ ሆነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቆዩ ናቸውና ወረቀቱን ሁሉ ያስቀመጡት በታቦት ቀን ነው። አንድ መደርደሪያ «ልደታ»፣ አንዱ «ባታ»፣ አንዱ «አቦ»፣ እያለ እስከ «ባለ እግዚአብሔር» ይሄዳል። የመጣበት ቀን የሚከበረው ታቦት ስም በየእስሩ ላይ አለ። ቁጥር የሚባል ነገር የለም። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው አይደለሁ? ሳቅሁና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ፈትቼ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከአንድ ጀምሬ ደረደርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

መጀመሪያ የመጡት ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልጄ፣ የባታ ለታ ያስገባሁትን ማመልከቻ» አሉኝ።

«ቁጥሩ ስንት ነው፣ አባባ?»

«ባታ ነች አልኩሽ።»

«ባታ እኮ ቀን ነው፤ የወረቀቱን ቁጥር ነው የምጠይቅዎ።»

ሰውዬው ዞረው ከኋላቸው ለተሰለፉት «ወይ ጉድ፣ ባታን የማታውቅ አስቀምጠዋል» አሉ።

ያልገባኝ ነገር ነበር። ገበሬ በታቦት ቀን አያርስም። ስለማያርስ ነው ከተማ የሚመጣው። ማመልከቻ ሁሉ የሚገባው በታቦት ቀን ነው፤ ቁጥር ይረሳል፣ ባታን ግን ማን ይረሳል? የአያ ይሁኔ መደርደሪያ ለሰዎቹ የተሠራ ነበር። የእኔ የተሠራው ለእኔ ኩራት ነው። ግን አሁን ቁጥሩ ተጽፏል፣ እስሩ ተፈትቷል፣ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል፣ እኔ ደግሞ መነሣት ተከልክያለሁ።

በሐምሌ ኪዳነ ምሕረት ቀን ጠዋት ብርድ ብርድ አለኝ። እግሬ ጋለ፣ ብሽሽቴ አበጠ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ግን ልሂድ ብል «አልቻለችም» ይባላል ብዬ ወረቀት ላይ ቁጥር እየጻፍኩ ተቀመጥኩ። አያ ይሁኔ ዝናብ ደብድቧቸው ገብተው ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳሉኝ ትዝ አይለኝም። ቀጥሎ የማስታውሰው የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ነው።

እዚያ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ሌሎቹ ሐኪሞች እግሬን ከሩቅ አይተው ነው መድኃኒት የጻፉልኝ። እሷ ሳፋ አመጣች፣ ውኃ ሞላች፣ ዝቅ ብላ ቁጭ አለችና እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ በሳሙና አጠበቻቸው። ከእናቴ በቀር እግሬን በእጁ የነካ ሰው አልነበረም።  

«ስንት ዓመት በባዶ እግርሽ ሄድሽ?» አለችኝ።

«ጫማ ነበረኝ እኮ።»

«የት ነበር?»

«ፌስታል ውስጥ።»

ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅኋት። ከዚያ አስረዳችኝ። በቀይ አፈራችን ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ፤ ባዶ እግር ሲረግጠው በቆዳ ይገባና በእግር ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መውረጃ ይዘጋዋል። የዝሆን እግር የሚባለው አንዱ ይኸው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ያቺ አግዳሚ ያለቀባት ሴት ሳትነሣ መቅረት ትችል ነበር። አንዳንዱን ቤተሰብ ቶሎ ይይዘዋል፣ አክስቴ የምታወራው እውነት ከዚያ የመጣ ነው፤ ግን እርግማን አይደለም፣ ጫማ ያደረገ አይታመምም። ትኩሳቱ ደግሞ በተሰነጠቀው ቆዳ የገባ ጀርም ያመጣው ነው፤ ለእሱ ክኒን ሰጠችኝ።

«ይድናል?»

«ሕመምሽ ገና ጀማሪ ነው። በየቀኑ በሳሙና ታጠቢው፣ ጠብታ በረኪና ባለው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ የጣቶችሽን መሐል አድርቂ፣ ቫዝሊን ቀቢው፣ በፋሻ እሰሪው፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ አድርጊ። ይጎድላል። ግን አንጠልጥለሽ አትቀመጪ። ስትቀመጪ ከፍ አድርገሽ ስቀይው። ትኩሳቱ ከለቀቀሽ በኋላ ደግሞ በጫማ መራመዱ ይጠቅምሻል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መቀመጥ» አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ሥራ ስገባ ሌላ ወንበር ከፊቴ አስቀምጬ እግሬን በፋሻ እንደታሰረ ሰቀልኩት። ግማሽ ቀን ሳይሞላ አንድ ቄስ ለደብራቸው መሬት ጉዳይ ገቡ። ክፍሉ ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ብድግ አለ። እኔ እግሬን ላወርድ ስሞክር ቀሚሴን የወንበሩ ምስማር ያዘውና እንደተሰቀልኩ «ኖር» አልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው መጡ፤ ወደ ፊቴ የሚያደርሰው መንገድ በእግሬ ተዘግቷል። ወዲያ ዞሩ፣ መደርደሪያ። ወዲህ ዞሩ፣ ግድግዳ።

«በእግዜር፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን አንቺ ነሽ የምታሳልሚኝ መሰለኝ።»

አቶ ጌትነት ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እግሬን እንዳላወርድ ሕክምናው አለ፣ እንዳልሰቅል ሰው አለ። ተስማምተው ወንበሬን አዙረው ፊቴን ወደ ግድግዳ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ለጀርባዬ ይነግራል።

በዚያው ሐምሌ፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ማርቆስ ካለው የበላይ መሥሪያ ቤታችን ስልክ ተደወለ። አቶ ጌትነት ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ሲመጡ ደም የላቸውም።

«ጊዜያዊ ሠራተኞችን የሚያጸና ቅጽ ልከናል ይላሉ። ሞልተን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመለስን ስሙ የሌለ ሠራተኛ እንደሌለ ይቆጠራል። አንቺ ነሽ ጊዜያዊዋ። ቅጹ የት አለ?»

ሦስት ቀን ቀርቷል። ሌላ ቅጽ ተጽፎ እስኪመጣ ወሩ ያልቃል። ቅጹ ደግሞ ከእኔው መዝገብ ቤት፣ ከእኔው ቁጥሮች ውስጥ፣ የእኔን እንጀራ ይዞ ጠፍቷል። ያን ቀን ማንም «ተቀመጪ» አላለኝም። ከአንድ ጀምሬ አገላበጥኩ። መቶ ምናምን ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

አያ ይሁኔ ዱላቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመው ነበር።

«እኔ ያመጣሁት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በኪዳነ ምሕረት፣ የታመምሽ ዕለት። አራት ነበሩ።»

«አያ ይሁኔ፣ ኪዳነ ምሕረት የሚባል እስር እኮ የለም። ፈትቼዋለሁ።» የወረቀቱን ክምር አሳየኋቸው። «ቁጥሩን ትኩሳት ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

በዱላቸው ወደ ክምሩ አመለከቱ። «ቁጥሩን ተይው። ጭቃ ፈልጊ።»

«የምን ጭቃ?»

«ፈልጊ አልኩሽ።»

ወረቀቶቹን ከጎን በኩል እያየሁ ገለጥኩ። ከመሐላቸው አራቱ ደርቀው ተጨማደው፣ ጠርዛቸው ቀይ ሆኖ ብቅ አሉ። ሦስተኛው ቅጹ ነው። ዳሩ ላይ የአምስት ጣት አሻራ አለ፣ በቀይ አፈር። ወረቀቱን ያዝኩትና አያ ይሁኔን አየኋቸው። ከዚያ ዱላቸውን የያዙበትን እጅ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን። ሱሪያቸው ላይ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ ቀዳዳ ነበር።

«ወድቀዋል!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ምን ታደርጊልኛለሽ ቆጥረሽ፣ እንደ ወረቀቱ ቁጥር ልትሰጪው ነው?»

ከዚያ በላይ ማንም «ተቀመጪ» ቢለኝ አልሰማም ነበር። ወረቀቱን ይዤ አቶ ጌትነት ክፍል ገባሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸው እስክሪብቶ አነሡና «የሥራ ድርሻ» የሚለው ላይ ሲደርሱ «መዝገብ ቤት» ብለው ሊጽፉ ጀመሩ።

«አይጻፍ!» ብዬ ጮኽኩ። «መዝገብ ቤት አያ ይሁኔ አሉ። በአንድ ወንበር ሁለት ሰው ብለው ከላኩ ከሁለታችን አንዱን ይሰርዙታል። መልእክተኛ ብለው ይጻፉ። መልእክተኛ ነኝ።»

«ታዲያ እግርሽ? ልንረዳሽ ብለን እኮ ነው፣ የዝና።»

«ረድታችሁን ሞትን!» አልኩ። ይህን የማለት አሳብ አልነበረኝም፤ ወጣ። «እሳቸው በእኔ ሥራ ጉልበታቸውን ሰበሩ፣ እኔ በእሳቸው ሥራ እግሬን አሳበጥኩ። ገበሬው ደግሞ የባታ ማመልከቻውን እየፈለገ ግቢው ውስጥ ከረመ። ማንም የጠየቀን አለ?»

አቶ ጌትነት እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ግን «እሺ» አሉ፣ «ምን እንርዳችሁ?»

 ከበሩ ወዲያ አያ ይሁኔ ቀደሙኝ።

«ለእኔ ወንበሬን። ለእሷ ጫማ።»

ይህም በስብሰባ ጸደቀ፤ ግን በዚህኛው እኛም ነበርንበት። ቅጹ «መልእክተኛ» ተብሎ ተሞላ፤ በመጀመሪያው መኪና ማርቆስ ተላከ፤ ከወር በኋላ ስሜ ጸንቶ መጣ። አያ ይሁኔ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኔ ጠዋት ጠዋት እየተገኘሁ የፈታሁትን በየታቦቱ መልሼ አሰርኩ፤ እሳቸውም ለእኔ ሲሉ በየወረቀቱ ጥግ ትንሽ ቁጥር ፈቀዱልኝ። በዓመቱ ጡረታ ወጡና ጋቢ ሸልመን ሸኘናቸው። በማግሥቱ ጊዮርጊስ ነበር። ገበሬው ተሰልፎ አያ ይሁኔ የታሉ አለ። ከሰዓት በኋላ አቶ ጌትነት በኮንትራት መለሷቸው፤ ጋቢውን ግን መልሰው አልተቀበሏቸውም።

እግሬ እንደ ቀኙ ሆኗል አልልም፤ አልሆነም። ግን በየማታው አጥበዋለሁ፣ አስረዋለሁ፣ በጫማ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ፤ ትኩሳቱ ከዚያ ወዲህ አልመጣብኝም። አሁን እናቴም ነጠላ አትጥልበትም፤ ሳፋውን እሷ ናት የምታቀርብልኝ። እግራችሁ የሚያቃጥላችሁ፣ ማታ የሚያብጥ ጠዋት የሚሄድ ሁላችሁ፣ ጠዋትም አልሄድም እስኪል አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጫማ ካላችሁ ደግሞ ላምና ድንጋይ ፊትም አድርጉት። የታመመ ወይም ያረጀ ሰው አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነም፣ ወንበር ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መሥሪያ ቤቱ ጫማ ሲገዛልኝ ግራ እግሬ ቁጥር አርባ፣ ቀኜ ሠላሳ ሰባት ሆነና ነጋዴው አንድ አንድ እግር አልሸጥም ስላለ ሁለት ጥንድ ተገዛ። የተረፉት አንድ የቀኝ አርባና አንድ የግራ ሠላሳ ሰባት ናቸው፤ ጥቁር፣ ሽፍን፣ ያልተነኩ። ቀኝ እግሩ ያበጠበት ሰው ካለ በነፃ ይውሰዳቸው። አያ ይሁኔ በፌስታል አድርገው ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ስትመጡ ቁጥር አትንገሯቸው፤ የአቦ ለታ የገባውን ጫማ በሏቸው።